ቲቸር ገብረሚካኤል በቁራኛ የዋለበት ቅዳሜ

ሸዋ ሮቢት ውስጥ በቀትር ጋቢ ደርቦ የሚሄድ ሰው ከታየ፣ ወይ ወባ የያዘው ነው፣ ወይ ከመንዝ የተመደበ መምህር ነው። ገብረሚካኤል መምህሩ ነበር። ከመሐል ሜዳ ሲወርድ ያመጣው ንብረት አንድ ሻንጣና እናቱ ፈትላ ያሠራችለት ወፍራም ጋቢ ነበር። "ኧረ ይኸን ነገር ጣለው፣ ልትቀቀል ነው!" ስንለው "ሙቀቱ እስኪለምደኝ ነው" ይላል። እሱ ሙቀቱን መልመዱን ትቶ፣ ሙቀቱ እሱን እስኪለምደው ይጠብቅ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ በትዕግሥት ጠበቀው።

የሚያስተምረው አማርኛ ነው፤ እኔ ጂኦግራፊ። የእኔን ክፍልና የእሱን ዘጠነኛ "ለ" የሚለያቸው አንድ ስስ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ስለነበረ፣ እኔ ስምጥ ሸለቆን ሳስረዳ የእሱ ተውላጠ ስም ይገባብኛል፤ የእሱ ልጆችም ሳይፈልጉ ስለ እሳተ ገሞራ ይማራሉ። ስለዚህ ከምተርከው ውስጥ ብዙውን በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። የቀረውን ባለጉዳዮቹ ራሳቸው ነግረውኛል።

እኛ በተማርንበት ዘመን የአማርኛ መጽሐፍ በጋዜጣ እየተለበደ ከታላቅ ወደ ታናሽ ይወርድ ነበር። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ሁሉም ነገር መልስ ነበረው። ጅቡም ሲጠየቅ ይመልሳል፣ ጦጣዋም ስትጠየቅ ትመልሳለች፤ ከምንባቡ በታች ደግሞ "ከዚህ ታሪክ ምን ተማራችሁ?" የሚል ይመጣና እኛም እንመልሳለን። መምህር ጠይቆ ተማሪ ዝም ያለበት ገጽ ትዝ አይለኝም። ገብረሚካኤልን የገጠመው ግን ያ ያልተጻፈው ገጽ ነበር።

ነገሩ የሆነው አጣዬ በተቃጠለች በሁለተኛው ዓመት ነው። ክፍሉ ውስጥ ከዚያ ቤታቸውን ትተው የመጡ ልጆች ነበሩ። ስማቸው ሲጠራ "አቤት" ከማለት በቀር ድምፃቸው አይሰማም። እመቤት የምትባል አንዲት ቀጭን ልጅማ "አቤት"ንም በጣቷ ነበር የምትለው። ገብረሚካኤል ይኸን አይቶ፣ ሐሙስ ሐሙስ የመጨረሻዋን ክፍለ ጊዜ "የጨዋታ ሰዓት" አደረጋት። መጽሐፍ ይዘጋል፤ የፈቀደ ወጥቶ የልቡን ይናገራል፤ የሳቀ ከክፍል ይባረራል። በመጀመሪያው ቀን እጁን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጭኖ፣

"እዚህ ክፍል የተነገረ እዚሁ ክፍል ይቀራል። ቃሌ ነው!" አላቸው።

በኮምፔርሳቶው በኩል እኔም ሰማሁ፤ እኔን ግን ማንም አላስማለኝም።

ለብዙ ሐሙስ የወጣ ልጅ አልነበረም። በመጨረሻ በላይ ወጣ። በላይ ማለት ከቀወት ገጠር የሚመጣ፣ ለክፍሉ በር ጎንበስ ብሎ የሚገባ፣ ኩንታል ሽንኩርት እንደ ትራስ የሚያነሣ ልጅ ነው። ወጥቶ ሰሌዳው ሥር ቆመና፣

"እኔ የምፈራው አውራ ዶሮ ነው" አለ። "ትንሽ ልጅ ሆኜ አንዱ ዘሎ ራሴ ላይ ወጣ። እስካሁን የወረደ አይመስለኝም።"

ማንም አልሳቀም። ከእሱ በኋላ ሌሎች ልጆችም ተከታትለው ወጡ። ምን እንዳሉ ሰምቻለሁ፤ እዚህ ግን አልጽፈውም።

ገብረሚካኤል በደስታ ሰከረ፤ ጥፋቱም ከደስታው መጣ። በማግስቱ እሱም በተከራየበት በእትዬ ንግሥት ምግብ ቤት ምሳ ስንበላ ዝም ማለት አቃተው።

"እትዬ፣ ልጆቼ እኮ ተናገሩ!" አላቸው። "አንዱማ፣ በር የማይበቃው የቀወት ልጅ፣ አውራ ዶሮ እፈራለሁ ብሎ ቆመ! ይኸ ድፍረት የት ይገኛል?"

ስም አልጠራም። መጥራትም አላስፈለገውም፤ በር የማይበቃው የቀወት ልጅ በትምህርት ቤታችን አንድ ብቻ ነው። ከጎናችን ደግሞ ሄኖክ የሚባል ባለባጃጅ ሽሮውን እየጠቀለለ ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ በላይ ከግቢ ሲወጣ አንድ ባጃጅ ጥሩምባውን ትቶ "ኩኩሉ!" አለ። ሰኞ ዕለት የከተማው ባጃጅ ሁሉ ይጮህ ጀመር። ከመናኸሪያው እስከ ድልድዩ የሸዋ ሮቢት ጎህ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚቀድ የሚያውቅ ጠፋ። በላይ አስፋልቱን ትቶ በሮቢ ወንዝ አሸዋ ላይ እየተመላለሰ መማር ጀመረ፤ ከዚያ እሱንም ተወው። ለክፍሉ ሞኒተር ለሐይማኖት የላከው መልእክት አጭር ነበር፦ "ወሬው አባቴ ጆሮ ከደረሰ ትምህርቱ በቃኝ። ሽንኩርቴን እየጫንሁ እኖራለሁ።" አባቱ ጋሽ ሀይሉ ጅብ በዱላ ያባረሩ ሰው ናቸው ይባላል።

ዘጠነኛ "ለ" አፉን ዘጋ። ሁሉም እንደ እመቤት በጣት "አቤት" ማለት ጀመሩ። ሲጠየቁ ለዓመታት ዞሮ የማያውቀውን የጣሪያ ማራገቢያ ቀና ብለው ያያሉ። ገብረሚካኤል ይቅርታ ጠየቀ፤ ማራገቢያውን አዩ። ተቆጣ፤ ማራገቢያውን አዩ። ሥርዓተ ትምህርቱ አይጠብቅምና የመጽሐፉን ቃለ ምልልስ ብቻውን ማስተማር ቀጠለ። በኮምፔርሳቶው በኩል ስሰማ፣ ራሱ ይጠይቃል፣ ድምፁን አቅጥኖ ራሱ ይመልሳል፣ "ጎበዝ! ቁጭ በይ" ይልና ወንበሩ ሲንቋቋ ይሰማኛል። አንድ ቀን መልሱን ተሳስቶ ራሱን ሲያርም ሰማሁት።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው አንድ ሐሙስ ገብቶ ሰሌዳው ላይ "ክስ አለን" የሚል ጽሑፍ ያገኘው።

ይኸ ከየት መጣ ቢባል ከእሱው ነው። በፊተኛው መንፈቅ ስለ ጥንቱ ሙግት አስተምሯቸው ነበር። ያኔ ከሳሽና ተከሳሽ የልብሳቸው ጫፍ ተቋጥሮ፣ ቁራኛ ሆነው፣ ዋስ እስኪጠሩ ወይም እስኪፈረድ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። "ፍርድ ሳይሰጥ ቋጠሮ የፈታ ሰው ቃሉን በላ!" እያለ ጠረጴዛ እየደበደበ አስተምሮታል። ፈተና ላይም አውጥቶታል፤ አራት ማርክ ነበረው።

ጽሑፉን ሲያይ ዓይኑ እንባ ሞላ። ሊከሱት እንደሆነ ሳይሆን የታየው፣ ሊያናግሩት እንደሆነ ነው። ርእሰ መምህሩ ዘንድ ሄዶ ፈቃድ ጠየቀ። እሳቸውም የትምህርት ዕቅዱን አገላብጠው "የመርጃ መሣሪያ የሚለው ባዶ ነው፤ ያለ መርጃ መሣሪያ አልፈቅድም" አሉት። ገብረሚካኤል "ጋቢ" ብሎ ሞላበት። ተፈቀደ።

ችሎቱ ዓርብ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ በግቢው የኒም ዛፍ ሥር ተዘረጋ። በላይ በወንዙ በኩል መጣ። ዳኛ ይመረጥ ሲባል ክፍሉ እመቤትን መረጠ፤ ለማንም አድልታ አታውቅም፣ ከማንም ጋር ተነጋግራ ስለማታውቅ። የከሳሽ ነገረ ፈጅ ሐይማኖት ሆነች። በላይ የሚቋጠር ልብስ ስላልነበረው የእሷን ነጠላ አደረገና ጫፉ ከገብረሚካኤል ጋቢ ጫፍ ጋር ተቋጠረ። የቋጠሩት በሬ የሚጠምዱ የገበሬ ልጆች ስለሆኑ ቋጠሮው የዋዛ አልነበረም።

"ተጠየቅ!" አለች ሐይማኖት በትር ይዛ።

"ልጠየቅ!" አለ ገብረሚካኤል።

"እህል ከጎተራ፣ ውኃ ከምንጩ ይወጣል፤
ክፍል የተነገረ ምነው በባጃጅ ይሮጣል?"

"ግሩም ነው! ቤቱ መትቷል!" ብሎ አጨበጨበ።

"ቲቸር፣ እርስዎ ተከሳሽ ነዎት" አለችው። "ያመሰግናሉ ወይስ ያምናሉ?"

"አምናለሁ።"

ዳኛዋ እመቤት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታዳምጣለች። ሐይማኖት "ተከሳሽ ዋስ ካለው ይጥራ!" አለች። ሕጉ ዋሱ ከክፍሉ ልጆች መሆን አለበት የሚል ነበር። ገብረሚካኤል ልጆቹን አንድ በአንድ አየ። እዚያ ማራገቢያ ስለሌለ የኒሙን ቅጠል ቀና ብለው አዩ። "የለኝም" አለ። "ከሳሽስ?" ሲባል የክፍሉ እጅ በሙሉ ወደ ሰማይ ተነሣ።

በዚህ ጊዜ የመውጫው ደወል ተደወለ። ሁሉም ወደ እመቤት ዞረ። ከአጣዬ ከመጡ ወዲህ የልጅቷ አባት በአንድ የወሰን ክርክር ፍርድ ቤት እየተመላለሱ፣ ማታ ማታ ይዘው የሚመጡት አንድ ቃል ብቻ ነበር። ዳኛ ማለት ለእሷ ያን ቃል የሚናገር ሰው ነው። ስለዚህ ተነሣችና በዚያ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ የሆነውን ንግግሯን ተናገረች።

"ለሰኞ ተቀጥሯል።"



"ክብርት ዳኛ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የምሄድበት ነጠላዬስ?" አለች ሐይማኖት ደንግጣ።

"ነጠላውም ተቀጥሯል።"

ልጆቹ ደብተራቸውን ይዘው ተበተኑ። ከዛፉ ሥር ገብረሚካኤል፣ በላይና በመካከላቸው የተወጠረው ጨርቅ ቀሩ። ገብረሚካኤል ቋጠሮውን ያዝ አደረገና በላይን አየው።

"ቲቸር" አለ በላይ በቀስታ፣ "አራት ማርክ ያለው ጥያቄ ነበር።"

ከዳር ቆሜ ሳይ ነበርና ጠጋ ብዬ "አንተ ሰውዬ፣ ቀልድ ነው፣ ፍታው!" አልሁት። "አንዴ ቃሌን በላሁ" አለኝ፤ "ሁለተኛ ከበላሁ ማን ይሰማኛል? ይኸ ልጅስ ወደ ክፍል ይመለሳል?" ቋጠሮውንም ለቀቀው። ሁለቱ ተያይዘው በበሩ ሲወጡ፣ አንዱ ቀድሞ አንዱ ተከትሎ ነው እንጂ ጎን ለጎን አላሳለፋቸውም።

እትዬ ንግሥት ደጃፋቸው ላይ ተቀብለው ወገባቸውን ያዙ።

"ምን አድርገህ ነው አንተ መምህር?"

ገብረሚካኤል ሊናገር አፉን ከፈተ። ከፍቶም ቀረ። ለካ ክሱን ለማስረዳት ዶሮውን እንደገና ማንሣት ኖሯል።

"አልናገርም እትዬ።"

"ሰረቅህ እንዴ?"

"ኧረ አልሰረቅሁም!"

"ሰው መታህ?"

"አልመታሁም።"

"ልጄ፣ አንተ ንገረኝ እስቲ!"

"ተከሳሹ እሱ ነው፤ እሱን ይጠይቁት" አለ በላይ ኮስተር ብሎ፤ ግን ጎን ጎኑን መምህሩን ያይ ነበር።

እትዬ ንግሥት "እንግዲህ ለተቋጠረ ሰው ለየብቻ አላቀርብም" ብለው በአንድ ትሪ አበሏቸው። ሲተኙም አንዱ አልጋ ላይ፣ አንዱ መሬት ፍራሽ ላይ ሆኖ፣ ጋቢው እንደ ልብስ ማስጫ ተወጥሮ አደረ።

ቅዳሜ የበላይ ቤተሰብ የውኃ ተራ ነበረች። ቆላ ላይ የመስኖ ተራ ካለፈ ሽንኩርቱ ነው የሚያልፈው፤ ስለዚህ መቅረት የለም። አስፋልቱ ዳር ቆመው ባጃጅ ሲጠብቁ ከሰው ሁሉ መርጦ የመጣላቸው ሄኖክ ነበር።

"ኩኩሉ!" አለ ገና ሳይቆም። ከዚያ ጨርቁን አየና ጠፋበት። "ምንድን ነው ደግሞ ይኼ? ቲቸር፣ ልጁ እንዳይበርር ነው ያሠሩት?"

"ወደ ቀወት ውሰደን፤ ሌላውን ተወው" አለ ገብረሚካኤል።

"የሁለት ሰው ነው የምትከፍሉኝ።"

"የታሰረ ዕቃ እኮ እንደ አንድ ጭነት ነው የሚቆጠረው" አለ በላይ። ሄኖክም በአንድ ሰው ሒሳብ ጫናቸው።

ከከተማው መውጫ ኬላው ላይ አንድ ፖሊስ አስቆማቸው። ሸዋ ሮቢት ማረሚያ ቤት ያለባት ከተማ ስለሆነች፣ የተቋጠረ ሰው ሲያልፍ ዝም አይባልም።

"እስረኛው የትኛው ነው?"

"እኔ ነኝ" አለ ገብረሚካኤል።

"አጃቢህ የታለ?"

"ከሳሼ ራሱ ነው።"

"ማን አሠረህ?"

"ዳኛዋ።"

"የየት ዳኛ?"

"የዘጠነኛ 'ለ'።"

ፖሊሱ ይኸ ምን ዓይነት ችሎት እንደሆነ ሊጠይቅ ፈልጎ፣ አለማወቁ እንዳይታይበት ይመስለኛል፣ ተወው። "ወንጀሉስ?" አለ።

ሄኖክ በመስተዋቱ በኩል ጆሮውን ቀሰረ።

"መናገር አልችልም" አለ ገብረሚካኤል።

"ከባድ ነው?"

"ከባድ ነው።"

ፖሊሱ ራሱን ነቀነቀ። በላይንም "ቋጠሮውን ላላ እንዳታደርገው፤ እንዲህ ያሉት ናቸው የሚያመልጡት" ብሎ መክሮት አሳለፋቸው።

ከዚያ እስከ መንደሩ ያገኛቸው ሁሉ ጠየቀ። አህያ የሚነዱ ሴቶች፣ ማሽላ የሚጠብቁ ሽማግሌ፣ ከገበያ የሚመለሱ ዘመዶች። ለሁሉም መልሱ አንድ ነበር፦ "በድያለሁ፤ ግን አልናገርም።" ሽማግሌው "ሚስት ነጥቆ ነው" ብለው ወሰኑ። ሴቶቹ "አብዷል፤ ወደ ጠበል እየወሰዱት ነው" አሉ። የበላይ አጎት ደግሞ "መንግሥት አዲስ ያወጣው አሠራር ነው፤ መምህርና ተማሪ እንዳይጠፋፉ ነው" ብለው አስረዱ፤ ይኸኛው በመንደሩ ተቀባይነት አገኘ።

ሽንኩርት ማሳው ውስጥ በላይ ውኃውን በአካፋ እየመራ ከመደብ ወደ መደብ ይሮጣል፤ ገብረሚካኤል በቆዳ ጫማውና በክራቫቱ ከኋላው ይሮጣል። ጋቢው ጭቃ ጠጥቶ የሁለት ሰው ክብደት ሆነ። አንድ ጊዜ በላይ ቦይ ሲዘል ገብረሚካኤል ሳይዘል ቀርቶ ሁለቱም ቦዩ ውስጥ ተገናኙ። እዚያ ተቀምጠው፣ ውኃው በጎናቸው እየሄደ፣ በላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ወዲያው መሳቁ ትዝ ብሎት ተኮሳተረ።

ሥራው አልቆ ወደ ቤት ሲሄዱ ነው እውነተኛው ፈተና የመጣው። በበላይ ቤት ግቢ አንድ ቀይ አውራ ዶሮ አለ። ልጁ ለዓመታት በጓሮ በኩል እየገባ ነው የኖረው፤ ቤተሰቡ ልማዱ ይመስላቸዋል። ገብረሚካኤል ግን እንግዳ ነው፤ ጋሽ ሀይሉና ባለቤታቸው እትዬ ሸዋዬ ፊት ለፊት ቆመው "ግቡ! ግቡ!" ሲሉት በፊት ለፊት ገባ። የተቋጠረ ሰው ጓሮ የለውም።

ዶሮው አንገቱን ነፍቶ ወደ እነሱ መጣ። ጋቢው በድንገት ጠበቀ። ገብረሚካኤል ዞር ሲል በላይ አመድ መስሏል፤ ያ በር የማይበቃው ልጅ ከመምህሩ ትከሻ ኋላ ለመሰወር ጉልበቱን አጥፏል።

"ምን ሆንህ አንተ?" አሉ ጋሽ ሀይሉ ዓይናቸውን አጥብበው።

"ኧረ ያዙልኝ! በእመብርሃን ያዙልኝ!" ብሎ የጮኸው ገብረሚካኤል ነበር። ዘሎ የሽንኩርት ክምር ላይ ወጣ፤ በላይንም ጎትቶ አወጣው። "ዶሮ እፈራለሁ! ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የምፈራው!"

ጋሽ ሀይሉ መጀመሪያ አላመኑም። ከዚያ ክራቫት ያሰረ ሰው ክምር ላይ ሆኖ ጭቃ ጋቢ በዶሮ ላይ ሲያራግብ አዩ። ሳቃቸውን ለመያዝ አጥሩን ያዙ፤ አጥሩም አብሯቸው ተንቀጠቀጠ።

"አንቱ መምህር! መንዝ ዶሮ የለም እንዴ?"

"አለ! ሸሽቼው ነው እዚህ የመጣሁት!"

"በላይ፣ ልጄ፣ አባርለት እንጂ ለእንግዳህ!"

"አይሆንም!" ብሎ ጮኸ ገብረሚካኤል። "እሱ ወደ ዶሮው ከሄደ እኔም መሄዴ ነው! ተቋጥረናል!"

ይኸ ሊታበል የማይችል ነገር ነበር። እትዬ ሸዋዬ ዶሮውን በብብታቸው ይዘው "ውይ፣ የሰው ልጅ መከራው!" እያሉ ወደ ጓዳ አስገቡት። በላይ ክምሩ ላይ ተቀምጦ ቋጠሮውን ሲያይ ነበር።

ማታ ላይ ሁለቱ ወደ ከተማ ሲመለሱ ጋሽ ሀይሉ ሸክማቸውን ይዘው አብረዋቸው አስፋልት ወጡ፤ ሄኖክን ሲያገኙም አላስቻላቸውም።

"ይኸን መምህር ታውቀዋለህ? ዶሮ ይፈራል!"

"ዶሮ የሚፈራው ልጁ አይደለም እንዴ?" አለ ሄኖክ።

"የምን ልጅ? የእኔ ልጅ? በዓይኔ በብረቱ ያየሁት መምህሩን ነው!"

ሄኖክ ወደ ገብረሚካኤል ዞረ። ገብረሚካኤል "አዎ፣ እኔ ነኝ" አለ።

የባጃጅ ነጂዎቹ በዚህ ላይ እሑድ ጠዋት በሰፊው መከሩ። የደረሱበት መደምደሚያም የማይናወጥ ነበር፦ ሰው በራሱ ሲያፍር "አንድ የማውቀው ሰው አለ" ብሎ ያወራል፤ መምህሩም እትዬ ንግሥት ቤት "አንድ ተማሪ" ያለው ስለ ራሱ ነው። ልጁ የተሰደበው በከንቱ ነው። ሄኖክ በላይን "ይቅርታ ወንድሜ" አለው። መምህሩና በላይ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ከመናኸሪያው እስከ ድልድዩ የተጮኸው ሁሉ በገብረሚካኤል ላይ ነበር። ሐይማኖት በእናቷ ነጠላ ሆና መንገድ ዳር ቆማ፣ የእሷው ነጠላ በአቧራ ሲጎተት እያየች፣ መምህሩ እያንዳንዱን ባጃጅ ኮፍያ አንሥቶ ሲያመሰግን ተመለከተች።

ሰኞ ፀሐዩ ስለበረታ ችሎቱ ክፍል ውስጥ ሆነ። እኔም በኮምፔርሳቶው ማዶ ጠመኔዬን ይዤ ቆምሁ፤ ልጆቼም ስምጥ ሸለቆን ትተው ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጠፉ።

"ከሳሽ፣ ክስህን ታነሣለህ?" አለች እመቤት።

"አላነሣም" አለ በላይ። "በድሎኛል።"

"እንግዲያው ይፈረድ" አለች ሐይማኖት።

"ቆይ፣ አልጨረስሁም። ዋስ የለውም አይደል? ዋስ እኔ እሆነዋለሁ።"

የሐይማኖት በትር ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ሰማሁ። "ከሳሽ ለተከሳሽ ዋስ የሚሆነው የየት አገር ሕግ ነው? እኔ እኮ ያንተ ነገረ ፈጅ ነኝ!"

"የበደለውንም የካሰውንም የሚያውቅ የለም፤ እኔ ነኝ የማውቀው። እኔ ካላመንሁት ማን ያምነዋል?"

"ቢጠፋስ? ራስህን ልትከስ ነው?" አለ አንድ ልጅ ከኋላ።

"ይክሰሳ! ምን አገባህ?" አለች ሌላዋ።

"ያገባኛል! እኔም ዋስ መሆን እፈልጋለሁ!"

"ተሰለፍ እንግዲህ!"

ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ መለየት አልቻልሁም። ያ ሁሉ ወር የተጠራቀመ ንግግር በአንዴ ፈሰሰ። አንዱ ሕግ ይጠቅሳል፣ አንዱ ተረት ይተርታል፣ አንዱ የአያቱን ሙግት ያመጣል። የአጣዬዎቹም ድምፅ ውስጡ ነበር። ገብረሚካኤል አንድ ነገር ሊል ሲሞክር የእመቤት ቀጭን ድምፅ "ተከሳሽ ሳይጠየቅ አይናገርም!" አለው። ርእሰ መምህሩ ሮጠው መጥተው በሩን ከፈቱ።

"ምንድን ነው ይኼ? ዝም አሰኛቸው እንጂ!"

"አልችልም ጌታዬ" አለ ገብረሚካኤል። "ተከሳሽ ነኝ።"

በመጨረሻ እመቤት ፈረደች። ዋስነቱን ተቀበለች፤ ቋጠሮው በምላጭ ካልሆነ አልፈታ ብሎ ነበርና ተቆርጦ ተፈታ። ከዚያ፣ "ጥፋተኛ ነዎት" አለችው። "ቅጣትዎ፣ እኛ እንደ ነገርንዎት እርስዎም የሚፈሩትን ይነግሩናል። ዶሮ እንዳይሉ፤ እሱ ተይዟል።"

ርእሰ መምህሩ ሲወጡ በሩ ተዘጋ። ወዲያው በእኔ በኩል ያለው በር ተንኳኳና ሐይማኖት ጭቃ የጠገበ ነጠላዋን በክንዷ ይዛ ቆመች። "ቲቸር፣ ይቅርታ፣ ዳኛዋ ልጆቹን ይዘው ወደ ውጭ ይውጡልን ብላለች። እርስዎም ጭምር።"

ወጣን። በኒሙ ሥር ቆመን የተዘጋውን በር ስናይ ክፍለ ጊዜው አለቀ። የእሱ ልጆች ሲወጡ አላለቀሱም፣ አልሳቁም። በላይ ለበሩ ጎንበስ ብሎ ወጣና በአስፋልቱ በኩል ወደ ቤቱ ሄደ።

ያን ዕለት ገብረሚካኤል ምን እንዳለ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጠይቄ ነበር። ሜሮን የምትባል፣ ወሬ ካደረባት የሚያማት ልጅ ነበረች፤ እሷን ብቻዋን ማንጎ ጭማቂ ጋብዤ ስጠይቃት ጭማቂውን እስከ መጨረሻው ጠጥታ፣ "ቲቸር፣ ስለ ስምጥ ሸለቆ ከሆነ ይጠይቁኝ" አለችኝ። ሄኖክም ልጆቹን በነፃ እየጫነ ለመሰለል ሞክሯል፤ በነፃ ተጫኑ፤ ወረዱ።

በላይ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። ይኸን ታሪክ ልጽፈው አስቤ ፈቃዱን ልጠይቅ ማሳው ድረስ ሄጄ ነበር። ለአባቱ ነገሩን ራሱ ነግሯቸዋል፤ ስለዚህ በደስታ ፈቀደልኝ። ታዲያ ጨዋታው ሲደራ፣ እንደ ዋዛ አድርጌ፣ "የቲቸርህስ ነገር ምን ነበር?" አልሁት።

"የእኔን ይጻፉት ጋሼ" አለኝ። "የእሱን ግን እኔ አንሥቼ ልሰጥዎት አልችልም። የክፍሉ ነው።"

ይኸን ብሎ ጆንያውን ወደ ትከሻው አነሣ።